ስለ ግማሽ ስሜና ስለ አንድ ግራ ጉልበት

ለተከበሩ ኮች ዌድ፣
የአጥቂው መስመር አሠልጣኝ፣
ስሙን በአክብሮት በማልጠራው ዩኒቨርሲቲ፣
ዳላስ አካባቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ፣ በየጨዋታው ከአፍዎ የማይለየው ማስቲካዎስ ደህና ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ግራውም ቀኙም? ጉልበትዎን የምጠይቀው በእኛ አጠያየቅ እንጂ በእርስዎ አጠያየቅ አለመሆኑን ከወዲሁ እንዲረዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ የእርስዎ አጠያየቅ ምን ዓይነት እንደሆነ ዝቅ ብዬ ስለምገልጸው፣ ይህን ጋዜጣ ጋርላንድ ካለው የሐበሻ ሱቅ ደጃፍ በነጻ ያነሱ አንባብያን ጥቂት ይታገሡኝ።

እኔ ገብረመድኅን እባላለሁ። የምኖረው ሳክሲ ነው፤ ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ፤ እንዲህ ስገፋ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እርስዎ ግን የሚያውቁኝ በጀርባ ነው፤ ማለቴ፣ በልጄ ጀርባ። በአሜሪካኖቹ ፉትቦል ኳርተርባክ የሚባለውን ኳስ ወርዋሪ እንዳይነካባችሁ ከፊቱ እንደ አጥር ከምታቆሟቸው አምስት ግዙፍ ልጆች ውስጥ ስድሳ ሰባት ቁጥር የሚለብሰው፣ እርስዎ ሊዮ የሚሉት፣ እኔ ግን ልዩ ብዬ ስም ያወጣሁለት የእኔ ልጅ ነው። እነሆ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለዋሉልን ውለታ ምስጋናዬን ተራ በተራ ላቅርብ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ስሜ አመሰግናለሁ። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ ልጅ የሚጠራው በአባቱ በገዛ ስሙ ነው። ስለዚህ ሌሎቹ ልጆች የዘር ማንዘራቸውን ስም ጀርባቸው ላይ ይዘው ሲሮጡ፣ የእኔው ልጅ ግን እኔን ራሴን፣ ዊልቸር ገፊውን ገብረመድኅንን፣ አዝሎ ነው የሚሮጠው። የመለያ ልብስ ክፍላችሁ ፊደሉ በዛብኝ አለና ከስሜ ላይ መድኅንን ቆርጦ ጥሎ ‹‹ገብረ›› የምትለዋን ብቻ ለጠፈለት። ገብረመድኅን ማለት የመድኅን አገልጋይ ማለት ነው፤ አዳኙን አውጥታችሁ አገልጋዩን ስታስቀሩት፣ የማን አገልጋይ እንደሆንኩ ሳይታወቅ ቀረ። የልጄ ጀርባ እኮ በር ያህላል! ለመድኅን የሚሆን ቦታ ጠፍቶ ነው? ብቻ ግድ የለም፤ ውሎ አድሮ የማን አገልጋይ እንደሆንኩ በራሴ ደርሼበታለሁ።

ልጄ ሲወለድ ሽማግሌዎች ‹‹ስም አስጠሪ ያድርግልህ›› ብለው መርቀውኝ ነበር፤ ይኸው ምርቃታቸው ደረሰ። ዳኛው ቢጫ ጨርቁን በጣለ ቁጥር የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ‹‹ሆልዲንግ፣ ገብረ!›› ይላል፤ ገብረ መያዝ የማይገባውን ሰው ያዘ ማለቱ ነው። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አቶ ጉግሳ፣ የሰው ሁሉ ወሬ እሱ ጋ ነው የሚያድረው፣ እጄን ጨብጦ ትናንት ስንት ያዝክ ይለኛል። ኤርፖርት ደግሞ ሱፐርቫይዘሬ፣ አደራ ተሳፋሪዎቹን እንዳትይዝ፣ መግፋት ብቻ ነው የተፈቀደልህ እያለ ከት ብሎ ይስቃል። ወደው አይስቁ እንዲሉ እኔም አብሬው እስቃለሁ።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ግብረ ገብ ትምህርቱ ነው። ልጄ በእርስዎ እጅ ከመግባቱ በፊት፣ መያዝ ክልክል ከሆነ አይያዝም ብሎ የሚያምን ገራገር ነበር። እርስዎ ግን ሳይሰለቹ አስተማሩት። ለካ የተጋጣሚን ልብስ ከትከሻው ውጪ ጨምድደው ሲይዙት ጥፋት ነው፤ ከደረቱ ላይ፣ በሁለቱ ብብቶች መካከል ከያዙት ግን ቴክኒክ ይባላል። ዳኛው የሚያየው ክርንን እንጂ ጣትን አይደለም፤ ስለዚህ ክርን ይሰበሰባል፣ ጣት ሥራውን ይሠራል፣ ሰውዬው ዞሮ ሊያመልጥ ሲል ደግሞ ቶሎ ይለቀቃል። ጥፋቱ መያዙ ሳይሆን መታየቱ ነው ማለት ነው። በእኛ ቤት እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው በሥራው ያፍር ነበር፤ እናንተ ቤት የሚያፍረው አያያዙን ያላወቀበት ነው።

ትምህርቱ ቶሎ ባይገባው አይፍረዱበት፤ ልጄ ከትንሽነቱ ጀምሮ ማታለል አይሆንለትም። ብርጭቆ ሰብሮ አልሰበርኩም ሊል ሲመጣ፣ ገና አፉን ሳይከፍት ቀኝ መዳፉን ጭኑ ላይ ሁለት ጊዜ ይጠርጋል። እናቱ ዓለምጌጥ በዚህ ነበር የምትደርስበት፤ ገና ቃል ሳይወጣው ስባሪውን የት ደበቅከው ትለዋለች። በምን እንደምታውቅ እስከ ዛሬ አልነገርነውም፤ እሱም እናቱ ነቢይ ነገር ትመስለዋለች።

፫. ሦስተኛው አጭር ነው። ይህን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል እንዲቆጥር ቤተ ክርስቲያን እልከው ነበር። ከ‹ሀ› ተነሥቶ ‹መ› ላይ እንደደረሰ የእርስዎ የሙያ ወንድሞች ትከሻውን አይተው መጡ፤ የቅዳሜ ልምምድና የቅዳሜ ፊደል ተጋጩ፤ ፊደል ተሸነፈ። በዚህ የተነሣ ልጄ ይህን ደብዳቤ ቢያገኘው እንኳን ማንበብ አይችልም። ስንት ዓመት ሲቆጨኝ የኖረ ነገር ነው፤ በዚህ ሳምንት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ እግዜር ይስጥልኝ ብያችኋለሁ።

፬. አሁን ወደ አጠያየቅዎ ልምጣ።

ባለፈው እሑድ ልጄ ከካምፓስ መጥቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ታብሌቱን ሆዱ ላይ አቁሞ ፊልሙን ያይ ነበር። ፊልም የሚሉት፣ በሚመጣው ቅዳሜ የምትገጥሟቸው የዚሁ የሰፈራችን ዩኒቨርሲቲ ልጆች ከዚህ ቀደም ሲጫወቱ የተቀረፀውን ነው፤ በላዩ ላይ የእርስዎ ድምፅ ምክር ይሰጣል። እኔም ከጎኑ ተቀመጥኩ። በመካከላቸው ዘጠና አራት ቁጥር የለበሰ አንድ ጎረምሳ አለ፤ ሁለት ሆነው ቢገፉት ንቅንቅ አይልም። ግራ ጉልበቱ ላይ ጥቁር የብረት ድጋፍ አስሯል። እርስዎ ምስሉን አቁመው ጉልበቱን በቀይ ከበቡና ይህን ልጅ ከላይ እንደማንችለው ተናገሩ፤ ቀጥለውም ስድሳ ሰባት በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ይህን ጉልበት አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅልዎ፣ ልጁም ቀኑን ሙሉ መልሱን ሲያስብ እንዲውል አዘዙ። እንዴት ያለ የተቆጠበ አነጋገር ነው! እኔ በሕይወቴ ብዙ ሰው ጤና ስጠይቅ ኖሬአለሁ፣ እንዲህ አድርጎ የሚጠይቅ ግን አይቼ አላውቅም።

ለማያውቁት አንባብያን፣ ጥያቄው ከት ብሎክ ይባላል። ኳሷ እንደተነሣች ልጄ ቀጥ ብሎ የሰውዬውን ደረት በእጁ በመግፋት ፈንታ፣ ድንገት ዝቅ ይልና መቶ አርባ ኪሎውን በትከሻው በኩል የሰውዬው ጉልበት ላይ ይጥለዋል። ከፊት ለፊት ከሆነ፣ እዚያው መሐል መስመሩ አካባቢ ከሆነ፣ ሌላ ጓደኛው ደግሞ ሰውዬውን ከላይ ካልያዘው፣ ሕጉ ይፈቅዳል። ይህን ያስረዳኝ ልጄ ነው። አባዬ፣ ሊጋል ነው አለኝ። ደግሜ ብጠይቀው፣ ሶ ሊጋል ነው አባዬ፣ ሁሉም ቲም ያደርገዋል፣ ኮች የሚያየው ማድረግ አለማድረጌን ነው አለኝ። ኦኬ፣ ሊጋል ይሁን። ሰውዬውን ፈርቶ ጉልበቱን ማለት ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ከሚባለው በምን ይለያል?

ክቡር ሆይ፣ በቋንቋችን ጉልበትና አቅም አንድ ቃል ናቸው። ሰውዬው ጉልበት አለው ስንል ሠርቶ ያድራል፣ ለእናቱም ይተርፋል ማለታችን ነው። እኔ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጉልበት የከዳቸውን ሰዎች ከጌት ወደ ጌት ስገፋ፣ ተንበርክኬ እግራቸውን አንሥቼ ማሳረፊያው ላይ ሳስቀምጥ፣ ወጣት ሳለሁ ኳስ እጫወት ነበር የሚሉኝ ስንቶች መሰልዎ? በሠላሳ ዓመቱ ዊልቸር ኮል ያደረገ ሰው ገፍቻለሁ። መንገዱን በሙሉ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ነበር፤ እኔን ነው የሚያፍረኝ!

ከዚያ ፊልሙ ቀጠለና ዘጠና አራት ቁጥር ዞረ። እርስዎ ጉልበቱን ሲያዩ እኔ ጀርባውን አነበብኩ። ‹‹ታፈሰ›› ይላል። አጭር ስም ስለሆነ ማንም አልቆረጠበትም። ከዚያች ሰከንድ ጀምሮ ያ ልጅ ቁጥር መሆኑ ቀረና የታፈሰ ልጅ ሆነብኝ። እንደ እኔው አንድ ሰው፣ በገዛ ስሙ፣ ልጁ ጀርባ ላይ ታዝሎ ይሮጣል ማለት ነው። ምን ይዋጠኝ!

እውነቱን ልናገርና፣ ጀርባው ላይ የማላውቀው ስም ቢኖር ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። ባለፈው ወር ልጄ አንዱን እንዲሁ ሲጥለው ከወንበሬ ተነሥቼ አጨብጭቤያለሁ። የተቀመጥኩት የወደቀው ልጅ በሁለት ሰው ተደግፎ እያነከሰ ሲወጣ ነው። የእሱን ጀርባ አላነበብኩም። በዚህ አፍራለሁ፤ በጋዜጣም ይውጣብኝ።

፭. የመጨረሻው ምስጋናዬ፣ ስላቆሙኝ ቦታ ነው። እስቲ ይዩልኝ። ልጄን እንቢ በል እንዳልለው፣ ሀያ አንድ ዓመቱ ነው፣ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ሊጨርስ አንድ ዓመት ቀርቶታል፣ ነጻ የትምህርት ዕድሉም የተንጠለጠለው በእርስዎ በጎ ፈቃድ ላይ ነው፤ እንቢ ያለ ጓደኛው ባለፈው ዓመት ምን እንደሆነ ነግሮኛል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ከርሞ በስተመጨረሻ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ለእርስዎ ቢሮ እንዳልደውል፣ የአባዬ ልጅ፣ የእማዬ ልጅ ተብሎ መሳቂያ የሚሆነው እሱ ነው። ዝም እንዳልል ደግሞ ያ ጥቁር ብረት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ከሦስት ዓመት በፊት በዚያ በሚያብረቀርቅ አዳራሻችሁ ውስጥ ወረቀቱን በፈገግታ ስፈርም፣ ከጎኔ ቆመው ፎቶ ስንነሣ፣ ቤተሰባችን ሆናችኋል ሲሉን፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚለኝ አንድ ሰው እንኳን አልነበረም። ዓለምጌጥ እጄን ቆንጥጣኝ ነበር፤ ለደስታ መስሎኝ!

በዚህ ላይ መሐላም አለ። ልጄ እሑድ ዕለት ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ ታብሌቱን ዘጋና፣ አባዬ ፕሮሚስ አድርግልኝ፣ ኮችን ኮል እንዳታደርግ፣ ቴክስት እንዳታደርግ፣ ኢሜይል እንዳትልክ፣ ለማንም በአፍህ እንዳታወራ፣ ለእማዬም ቢሆን፣ አለኝ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ማልኩለት። መሐላዬንም ጠብቄአለሁ፤ ለማንም አልደወልኩም፣ ለማንም በአፌ አልተነፈስኩም። ልጄ የከለከለኝን ሁሉ ሲዘረዝር ጋዜጣን አልጠራም፤ ጋዜጣ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩንም የሚያውቅ አይመስለኝም። ዓለምጌጥ ሆይ፣ ነገሩን ከእኔ አፍ ሳይሆን ከሱቅ ደጃፍ በማግኘትሽ ይቅር በይኝ፤ አራት ቀን ሙሉ ምን ሆነሃል ስትዪኝ ወገቤን አመመኝ ያልኩሽ ይህ ነው። እናንተም ልጄን የምታውቁ አንባብያን፣ ይህን ለእሱ ማንበብ ካማራችሁ፣ እባካችሁ እስከ እሑድ ጠብቁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎን ከዚህ በላይ አላደክምዎ። አዳኙን አስወግደው አገልጋዩን ስላስቀሩልኝ፣ ልጄን በደረት በኩል የመያዝን ጥበብ ስላስተማሩልኝ፣ ከፊደል ሰቀቀን ስለገላገሉልኝ፣ የሰውን ልጅ ጉልበት በጥያቄ መልክ የሚሰብር ጨዋ አነጋገር ስላሰሙኝ፣ ከሁሉም በላይ በልጄና በሌላ ሰው ልጅ መካከል አጣብቀው ስላቆሙኝ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጉልበትዎን ያጽናልዎ። አንድ ቀን በእኛ ኤርፖርት የሚያልፉ ከሆነና እግርዎ ከከዳዎ፣ እኔ ቀስ ብዬ እገፋዎታለሁ፤ አንድም ጥያቄ አልጠይቅዎም።

ሁልጊዜም ከፊትዎ እንደ አጥር ለመቆም ዝግጁ የሆንኩ፣

ገብረ
(የቀረው ቦታ ስላልበቃ)

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በማያነቡት ቋንቋ ለምን እንደጻፍኩልዎ ይገርምዎ ይሆናል። እስከ አሁን የጻፍኩት ለእርስዎ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን ለሌላ ሰው ነውና እባክዎ ፊትዎን ዞር ያድርጉልኝ።

ወይዘሮ ሰርካዲስ፣ ሮውሌት። አንተዋወቅም። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ሲወጡ ይህን ጋዜጣ አንሥተው እስከ መጨረሻው ገጽ እንደሚያነቡ አቶ ጉግሳ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ የአቶ ታፈሰንም ማረፍ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፣ ነፍሳቸውን ይማር። ዘጠና አራት ቁጥር የሚለብሰው ልጅዎ ገመቹ መሆኑንም ከዚያው ወሬ አወቅሁ። ቅዳሜ ሜዳ እንዳይገባ ያድርጉ አልልም፤ እንደማይሰማዎ ከእኔው ቤት አውቀዋለሁ። ይህን ብቻ ይንገሩልኝ፦ ፊት ለፊቱ የሚቆመው ስድሳ ሰባት ቁጥር፣ ጎንበስ ከማለቱ በፊት ቀኝ መዳፉን ጭኑ ላይ ሁለት ጊዜ ከጠረገ፣ ወደ ጉልበቱ ሊወርድ ነው። የዚህን ዓመት ጨዋታዎቹን ሁሉ ቁጭ ብዬ መልሼ አየሁ፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ይጠርጋል፣ አንድ ጊዜ እንኳን አልቀረም። አሠልጣኙ አላዩትም። ያኔ ገመቹ ሁለት እጁን የልጄ ትከሻ ላይ ተጭኖ እግሮቹን ወደ ኋላ ይወርውር፤ ልጄ ባዶ ሣር ላይ በግንባሩ ይደፋል። ሣር አይጎዳውም። ሰው ይስቅበታል፣ አሠልጣኙ ይጮኹበታል፣ በምን እንደታወቀበትም ዕድሜውን ሙሉ አይገባውም። በግንባሩ ሲደፋ ጀርባው ወደ ላይ ስለሚሆን፣ ስታዲየም ሙሉ ሰው የወደቀውን ሰው ስም ያነባል። ያንብቡት። የጣልኩት እኔ ነኝ።